ደሙ ወርዷል

አቶ ራጉኤል ወልዴ ማህተም ቀራጭ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ተቀምጠው ፊደል እየገለበጡ ሲቀርጹ ስለኖሩ፣ የአራዳ ልጆች «ጋሽ ራጉኤል የሚስቁትም ከቀኝ ወደ ግራ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ቅዳሜ የካቲት 14 ቀን ጠዋት እኒያ ሰው እሪ በከንቱ ሰፈር ካለው አሮጌ ቤታቸው የእንጨት ደረጃ ሥር ወድቀው ተገኙ። ነፍሳቸው ወጥታለች። ከንፈራቸው ደም የጠጡ ይመስል ቀልቷል።

ኢንስፔክተር ሳሊሀ ዑዘይር ስትደርስ ግቢውን ጎረቤት ሞልቶታል። ሳሊሀ አጠር ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ፒያሳ የወለዷት ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ «ሳሊሀ ለምን» ይሏታል፤ ሌላው መርማሪ «ማን?» ብሎ ሲጀምር እሷ «ለምን?» ብላ ስለምትጀምር ነው። ከአስከሬኑ አጠገብ በርከክ ብላ ጭንቅላታቸውን የመታውን ከደረጃው ሥር ያለ ድንጋይ አየች። ከንፈራቸውን አሸተተች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ ከአልጋው ራስጌ የተቀመጠውን ብርጭቆ አነሳች። ሥሩ ላይ የቀረው ቀይ ዝቃጭ አፈር አፈር፣ ትንሽም ስኳር ስኳር ይላል።

«ቀይ ስር ነው» አለች።

«ቀይ ስር ብቻ ቢሆን ምን ነበር!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። የሟች ታናሽ ወንድም አቶ ከበደ ነበሩ፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ ወለሉን ይጠርጋል፣ እሳቸው አላወቁም። «ወንድሜን ገድለውታል፣ ኢንስፔክተር። ገዳዩም እዚሁ ግቢ ቆሟል።»

«ለምን ይገድሏቸዋል?»

«ማን እንደሆነ አይጠይቁኝም?»

«እሱም ይደርሳል።»

አቶ ከበደ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ወንድሜ የአንጀት ካንሰር ነበረበት። በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥሩ የሚገባ መድኃኒት ከውጭ እናስመጣለታለን። እዚህ ፍሪጅ ይቀመጣል፣ ጎረቤታችን ነርሱ ሙስዓብ መጥቶ ይሰጠዋል። ባለፈው እሑድ፣ የቅበላ ለት፣ በሩ ላይ ስደርስ ብልቃጡን ከራሱ ቦርሳ ሲከት በዓይኔ በብረቱ አየሁት! ወንድሜ ደግሞ ‹ይህ ነገር ከእኔና ከአንተ አይውጣ፤ እኔ ስሞት ያን ጊዜ ነፃ ነህ› ሲለው ሰማሁ። ይኸው ነፃ ወጣ!»

ሙስዓብ ግቢው ውስጥ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ቆሟል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሲያለቅስ እንደቆየ ፊቱ ይናገራል።

«ብልቃጡን ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ።»

«ለምን?»

ቧንቧውን ጨብጦ አቀረቀረ። ጎረቤቱ ማጉረምረም ጀመረ።

«ጋሽ ራጉኤልን አልገደልኳቸውም» አለ በመጨረሻ። «ሌላውን ግን መናገር አልችልም። ምያለሁ።»

ለመማሉ ማንም አላዘነለትም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ከጎን ካለችው አንድ ክፍል ቤት እህቱ ከዲጃ ብቅ አለች። ሁለት ትንንሽ ልጆች ቀሚሷን ይዘዋል። ጭንቅላቷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ በአንድ እጇ ግንባሯን ደግፋለች።

«ኧረ በአላህ! ሙስዓብ ጉንዳን አይረግጥም! እሱ ከታሰረ እኔን ማን አለኝ? እነዚህንስ ማን አላቸው?»

ሳሊሀ ሴትየዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ በተለይ ሻሹን።

እሑድ ከቀብር መልስ የሟች ሚስት እትዬ እንቁ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። አርባ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረዋል። ሳሊሀ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። እሳቸው ራሳቸው ከትራሱ ሥር አንድ ደብተር አውጥተው ሰጧት።

«ሕመሙን የጻፍኩበት ነው፣ ልጄ። መድኃኒት የወሰደበት ቀን፣ ሙስዓብ ለክቶ የሚጽፈው የግፊት ቁጥር፣ እኔ ባይገባኝም፣ ሁሉም አለ። አንድ ቀን አልዘለልኩም። ይጠቅምሽ እንደሆን ውሰጂው።»

ደብተሩ ውስጥ ከሰባቱ የመድኃኒት ቀኖች አጠገብ ትንንሽ ሰማያዊ ማህተሞች ተመትተዋል። ጥቅምት 2፣ ጥቅምት 23፣ ኅዳር 14፤ እነዚህ ሦስቱ «ገቢ» ይላሉ። ከታኅሣሥ 5 ጀምሮ ያሉት አራቱ ደግሞ «ወጪ»።

«ይህን ማን መታው?»

«እሱ ነዋ! የእጁ ነገር ነው፤ ማህተም ካልመታበት ዕቃ የኔ ነው አይልም። በሠርጋችን ማግስት እኮ መዳፌ ላይ ‹ጸድቋል› ብሎ መትቶብኛል።» እትዬ እንቁ ፈገግ ሊሉ ሲሉ ፈገግታው ከንፈራቸው ላይ ተሰበረ። «ወጪ ያለው እንግዲህ ለመድኃኒቱ የወጣውን ብር መሰለኝ። ሲያስቆጨው ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩትም።»

«ዓርብ ዕለት እንዴት ነበሩ?»

«ደክሞት ነበር። ሲነሳ ዓይኑን ያጨልምበታል። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ሙስዓብ መጥቶ ለካውና ደወለልኝ። ‹እትዬ፣ ደማቸው ወርዷል፣ ይጠንቀቁላቸው› አለኝ። ያላደረግኩለት ምን አለ? ጾሙን አልፈታም ብሎኝ እንጂ ጉበት አበላው ነበር። ቀይ ስር ጨምቄ ማታም ጠዋትም አጠጣሁት። የደም ብዛት ክኒኑንም ሁለቱንም በእጄ አጎረስኩት። ከዚያ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብሎ ተነሳ…»

ሳሊሀ እጃቸውን ይዛ ቆየች። አንድ ነገር ጆሮዋ ላይ ኮሽ ብሎባታል፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልያዘችውም።

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ሟችን ሲያክሙ ወደነበሩት ወደ ዶክተር ሃፍቶም ነው። ተረኛ ስለነበሩ ሆስፒታል አገኘቻቸው። የአስከሬን ምርመራው የመጀመሪያ ውጤት ደርሷቸዋል፤ ከጭንቅላቱ ምት በቀር መርዝ የሚያጠራጥር ነገር አልታየም።

«ያ መድኃኒት ምን ነበር የሚያደርግላቸው?» አለች ሳሊሀ።

ዶክተሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ዕጢ ሲያድግ ይርበዋል። ስለዚህ በዙሪያው ወዳሉት የደም ሥሮች መልእክት ይልካል፤ ብቀሉ፣ ወደ እኔ ኑ፣ አብሉኝ ይላል። ግሮውዝ ፋክተር የምንለው ያንን የዕድገት መልእክት ነው። መድኃኒቱ መልእክቱን መንገድ ላይ ይይዘዋል፤ ዕጢው ጦሙን ያድራል።»

«ታዲያ ካንሰር ላለበት ሰው የደም ብዛት ክኒን ለምን?»

«ጥሩ ጠየቁ። ያው መልእክት ለጤነኛው የደም ሥርም ሥራ አለው። የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈኑት ሕዋሳት መልእክቱ ሲደርሳቸው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫሉ። ጋዙ ሥሩን ያላላዋል፣ ደም እንደ ልቡ ያልፋል። መልእክቱ ሲታገድ ጋዙ ያንሳል፣ ሥሩ ይጠብቃል፣ ግፊት ይጨምራል። የሳቸውም በየጊዜው ሲወጣ ነበር፤ ለዚህ ነው ኅዳር ላይ ሁለተኛ ክኒን የጨመርኩላቸው።»

ሳሊሀ ደብተሩን ከፊታቸው ዘረጋች። ላይኛው ግፊት በጥቅምት መጀመሪያ 135፣ ከዚያ 148፣ በኅዳር 162። ከታኅሣሥ ወዲህ ግን 150፣ 132፣ 116፣ 98። ዓርብ የካቲት 13፣ 92።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሊሆን አይችልም። መድኃኒቱ እየገባ እንዲህ አይወርድም።»

«ካልገባስ?»

ዶክተር ሃፍቶም ለረጅም ጊዜ ደብተሩን አዩ። «ካልገባማ ይወርዳል። ጋዙ ይመለሳል፣ ሥሩ ይላላል፤ ሁለቱ ክኒኖች ደግሞ የሌለውን ደም ብዛት ሲያባርሩ ሰውየውን ይጥሉታል።» ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ መድኃኒቱ የሚጨምርልዎ ዕድሜ በሳምንት የሚቆጠር ነው ብዬ እውነቱን ነግሬያቸው ነበር። ‹ለእንቁ እንዳይነግሯት፣ ሆድ ይፍጀው› አሉኝ። ለጥር ቀጥሬያቸው አልመጡም» አሉ።

ማታ ሳሊሀ ወደ ጣቢያው ሄዳ ከሙስዓብ ፊት ተቀመጠች። «በደም ሥራቸው በተከልከው ቱቦ ውስጥ አራት ጊዜ የገባው ምን ነበር?» ብትለው አቀርቅሮ አለቀሰ።

ሰኞ ጠዋት ከቤቷ ከመውጣቷ በፊት እንደ ልማዷ የእናቷን ግፊት ለካች። እናቷ ደም ብዛት ካለባቸው ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬ ደህና ሆኖ ስታገኘው ደስ ብሏት፣ «እማዬ፣ ደምሽ ወርዷል!» አለች።

«ውይ! እኔስ ሰሞኑን ሰውነቴ ዝሎ ነበር። በይ ስትመለሺ ቀይ ስር ገዝተሽልኝ ነይ።»

ሳሊሀ የመለኪያውን ጨርቅ እንደያዘች ቀረች። ትናንት ጆሮዋ ላይ ኮሽ ያለው ይኸው ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ነርሱ አንዱን ብሎ ሚስትየዋ ሌላውን ሰማች። ስልኳን አወጣችና ዶክተር ሃፍቶም ጋ ደወለች።

«ቀይ ስር ለደም ግፊት ምን ያደርጋል?»

«ይቀንሰዋል። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደዚያው ጋዝ፣ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው የሚለወጠው። ጤነኛ ሰው ብዙም አይሰማውም፤ ግፊቱ 92 ለደረሰ ሰው ግን… ለምን ጠየቁኝ?»

ሰውን ሁሉ ለምን ስትል የኖረችው ሳሊሀ ያችን ለምን ዘለለቻት። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤቱ እንዲመጡላት፣ የግፊት መለኪያም እንዲይዙ ብቻ ነግራቸው ዘጋች። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ሲከነክናት ሄደች። ሙስዓብን ለማስፈታት እውነቱን መናገር አለባት፤ እውነቱን ሁሉ ከተናገረች ግን እኚያን ሴት በቁማቸው መቅበር ነው።

ሣልስቱ ነበርና ለቀስተኛው እስኪሳሳ ጠበቁ። ከዚያ ሳሎኑ ውስጥ እትዬ እንቁ፣ አቶ ከበደ፣ ዶክተር ሃፍቶምና ከዲጃ ቀሩ። ሙስዓብን አንድ ፖሊስ ይዞት ገባና በሩ አጠገብ አቆመው።

«መሐላህን አፍርስ አልልህም» አለችው ሳሊሀ። «እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ዝም በል።» ደብተሩን ገለጠች። «አቶ ከበደ፣ ቢሮ ውስጥ ገቢና ወጪ የሚል ማህተም የሚመታው ምን ላይ ነው?»

«ደብዳቤ ላይ ነዋ። የመጣው ገቢ፣ የሚላከው ወጪ።»

«ጋሽ ራጉኤል አርባ ዓመት ሙሉ ለመሥሪያ ቤቶች የቀረጹት ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ የመቱትም ስለ ብር አይደለም። ሦስቱ መድኃኒቶች ወደ ሰውነታቸው ገቡ፤ ገቢ አሉ። አራቱ ከዚህ ቤት ወጡ፤ ወጪ አሉ። ቁጥሮቹም ይመሰክራሉ። መድኃኒቱ ሲገባ ግፊታቸውን ያወጣው ነበር፤ ከታኅሣሥ 5 ወዲህ ግን ቁልቁል ነው። ሙስዓብ በመድኃኒቱ ፋንታ የሰቀለላቸው ባዶ የጨው ውሃ ነበር።»

«አላልኩም!» አቶ ከበደ ብድግ አሉ። «ሌባ! ሰርቆ ሸጠው!»

«ይቀመጡ፣ አቶ ከበደ። የተሰረቀ ሰው ለሌባው ማህተም አይመታለትም።» ሳሊሀ ወደ ከዲጃ ዞረች። «ከዲጃ፣ ራስ ምታቱ ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነው?»

ከዲጃ ደንግጣ ሻሿን ነካች። «ከገና በፊት ነው… ለምን?»

«ዶክተር፣ እባክዎ ይለኩልኝ።»

ጨርቁ ክንዷ ላይ ተጠመጠመ፣ አየሩ ተነፋ፣ ተነፈሰ። ሁሉም የዶክተሩን ፊት ያያል።

«168» አሉ።

«ከጋሽ ራጉኤል የወረደው ግፊት ወዴት እንደወጣ ይኸው» አለች ሳሊሀ። «ይህን መድኃኒት የሚወስደው የአንጀት ካንሰር ያለበት ሰው ነው፤ አንቺም ሕመምሽን ለጎረቤት ደብቀሽው ኖሯል። መድኃኒቱን ከየት ነው የምታገኚው?»

«ሙስዓብ… ከበጎ አድራጎት ነው ያለኝ።» ከዲጃ ወንድሟን አየችው። ሲያቀረቅር ገባት። «ያ ረቢ! የጋሽ ራጉኤልን ነው የሰጠኸኝ? የሰው ዕድሜ ነው ደሜ ውስጥ የጨመርክብኝ?»

አሁን መሐላው የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ሙስዓብ ተናገረ። «እንቢ ብያቸው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እንቢ አልኩ። ‹እኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት አይቻለሁ፤ እሷ ገና ልጆቿን ፊደል አላስቆጠረችም› አሉኝ። ለእትዬ እንቁም ለከዲጃም ትንፍሽ እንዳልል አስማሉኝ። ‹እንቁ ካወቀች ተስፋዋን ነው የምቀብረው፣ ከዲጃ ካወቀች አትወስድም› አሉ። ዓርብ ግፊታቸው መውረዱን ሳይ ክኒኑን ይተዉ አልኳቸው። ‹ብተወው እንቁ ለምን ትለኛለች፤ ሰኞ እኔው ዘዴ እፈጥራለሁ› አሉኝ። እስከ ሰኞ መጠበቅ አልነበረብኝም። ጥፋቴ ይሄ ነው።»

«ለሙያህ ጥፋት በሕግ ትጠየቃለህ፣ አልዋሽህም» አለች ሳሊሀ። «ነፍስ ግን አላጠፋህም። የገፋቸውም የመረዛቸውም ሰው የለም። ክኒኖቹ ግፊታቸውን ጣሉት፣ ደረጃው ላይ ዓይናቸው ጨለመ፣ ወደቁ። ነገሩ ይህ ነው።» ብላ ደብተሩን ዘጋች።

ዶክተሩ ቀና ብለው አዩዋት፤ ነገሩ ገብቷቸው መልሰው አቀረቀሩ። አቶ ከበደ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ይንሰቀሰቃሉ። ሳሊሀ ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ እውነትን ቆርጣ ስታስቀር የመጀመሪያዋ ነው፤ ተሳካልኝ ስትል የእትዬ እንቁን ድምፅ ሰማች።

«ሙስዓብ። ‹ደማቸው ወርዷል› ያልከኝ ግፊቱን ኖሯል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ ደም አንሶታል ያልከኝ መስሎኝ…» ቃሉን ደጋግመው አላመጡት። «ልጄ ሳሊሀ፣ ያን ብርጭቆ ቅዳሜ ጠዋት ስታሸቺው አይቼሻለሁ። ዛሬ ግን ስሙን አልጠራሽውም። ለምን?»

ሳሊሀ የዘጋችውን ደብተር ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ጎድቶታል?»

«ጨምሮበታል፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ እንባዋ እየቀደማት። «ብቻውን ግን አይደለም። ክኒኖቹ ነበሩ፣ ዝምታው ነበር…»

«ክኒኑንም ያጎረስኩት እኔ ነኝ።» እትዬ እንቁ ሁለት እጆቻቸውን ገልብጠው አዩ። ጣቶቻቸው ጥፍር ሥር የቀይ ስሩ ቀለም አሁንም አልለቀቀም። «ወይኔ ራጉኤል! አንተ ለእኔ ብለህ ደበቅከኝ፣ እኔ ላንተ ብዬ ጨመቅኩልህ! ምነው አንዲት ቃል ብትነግረኝ! ምነው ብጠይቅህ!» ደረታቸውን መቱ። ከዲጃ ተንበርክካ እጃቸውን ለመያዝ ብትሞክር ከበዳት፤ እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። አቶ ከበደ ተነስተው ሄዱና ሙስዓብን ትከሻውን ይዘው፣ «ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉት። ሙስዓብም አቀፋቸው። ያን ሰዓት በዚያ ቤት ያላለቀሰ አልነበረም፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ እንኳ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ።

ለቅሶው በረድ ሲል እትዬ እንቁ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። ወደ ጓዳ ገብተው ፍሪጁን ሲከፍቱ ተሰማ። አንድ ትንሽ ካርቶን ይዘው ተመለሱ።

«የመጨረሻው ነው። ቀኑ መቼ ነው?»

«የካቲት 29» አለ ሙስዓብ።

«አልወስድም!» አለች ከዲጃ። «እትዬ፣ አፈር ስሆን፣ ከዚህ በኋላ በጉሮሮዬም በደሜም አይወርድ!»

«ዝም በይ።» እትዬ እንቁ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። «እሱ የሞተለትን ነገር ፍሪጅ ውስጥ ላበላሸው ነው? ልጆችሽን ፊደል አስቆጥሪበት።»

ዶክተር ሃፍቶም የግፊት መለኪያውን እየጠቀለሉ፣ «መጀመሪያ ግፊቷን አስተካክላለሁ። ከዚያ በትክክለኛው መንገድ እኔው እሰጣታለሁ፤ ነገ ጠዋት ትምጣ» አሉ።

እትዬ እንቁ ከሳሊሀ እጅ ደብተሩን ወሰዱ። ከመደርደሪያው ላይ የባላቸውን ማህተሞች አንድ በአንድ እያነሱ የተገለበጠውን ፊደል በጣታቸው ዳሰሱ። አንዱን ሲያገኙት ከቀለሙ ነክረው፣ የካቲት 29 ብለው ከጻፉት አጠገብ በሁለት እጃቸው ተጫኑት።

«ወጪ።»

ከዚያ ባላቸው ያደርጉት እንደነበረው እፍ አሉበት፤ ቀለሙ እስኪደርቅም ደብተሩን ክፍቱን ይዘው ቆሙ።